አባቴ የተቀነሰበት በጋ

ባለፈው ጥር ለቅሶ ልደርስ ከወልድያ ወደ መርሳ ወርጄ ነበር። ሚኒባሱ ከተማው መግቢያ ላይ ሲቆም ከመንገዱ ዳር አንድ የጭነት መኪና ሽንኩርት ይጭናል። ሴቶች ክምሩን ከበው ቁጭ ብለው ቅጠሉንና ሥሩን በቢላ ይቆርጣሉ፤ ልጣጩ በነፋስ እየተነሳ አስፋልቱን ያቋርጣል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሽታው ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፈነች። የእኔ እጅ ግን ሳላዘው ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ መታወቂያዬን ይፈልግ ጀመር።

ይህ ሽታ ቤታችንን በሞላበት በጋ የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ያልፈራሁ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ወራት ሙሉ ሳያቋርጥ፣ ፍርሃት አብሮኝ በልቶ አብሮኝ ያደረው በዚያ በጋ ብቻ ነው።

አባቴ ሰይድ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። ወልድያ አካባቢ መንገድ በሚሠራ አንድ ድርጅት ተቀጥሮ ያንን ሆዱ ሥር ረጅም ምላጭ ያለውን ቢጫ ማሽን ይነዳል። ትምህርት ቤት ልጆች ስለ አባቶቻቸው ሲያወሩ እኔ "የኔ አባት መሬት ያስተካክላል" እል ነበር። ጎርባጣውን ሁሉ የሚያስተካክል ሰው ከሁሉም አባት የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ማታ ሲገባ ናፍጣና አቧራ ይሸታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ ይዞልኝ ይመጣል።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ዘይነባ ልብስ ታጥብ ነበር፤ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ ቀና ብላ አየችው።

"ተቀነስኩ" አላት።

"መቼ ነገሩህ?"

"የነገረኝ ሰው የለም። መንገዱ አልቋል ብለው ስማችንን ሰሌዳ ላይ ለጠፉት።"

እኔ መቀነስን የማውቀው ከሂሳብ ደብተሬ ነው። አጠገቡ ሄጄ፣ "አባዬ፣ ከስንት ነው የተቀነስከው?" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። "ከስልሳ ሰው።"

"ስንት ቀረ?"

"አስራ ሁለት።"

በጣቴም በሐሳቤም ሠራሁት። "አርባ ስምንት ሰው ነዋ የተቀነሰው።"

"ልክ ነሽ" አለኝ። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ውስጥ ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ አፍንጫዋ ቀልቶ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሸሚዙ አንገት ሰፋው። ቀበቶውም ላላና በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀለት። እኔም ነገሩ አሁን ገባኝ አልኩ፤ አባቴ በየቀኑ እየተቀነሰ ነው። መጨረሻው ምን እንደሚሆን ደብተሬ ላይ አይቻለሁ። ሲቀነስ ሲቀነስ ቆይቶ ዜሮ ይሆናል። ማታ ማታ ከጎኑ ስተኛ ክንዱን በሁለት እጄ እየጨበጥኩ ጣቶቼ ይገናኙ እንደሆነ እለካ ነበር።

የስንብት ክፍያ የሚባል ነገር ነበረው፤ የሦስት ወር ደመወዝ ያህል። እሱን ለማግኘት ግን ዕዳ የለበትም የሚል ክሊራንስ ማስፈረም፣ ከዚያም ከዋናው መሥሪያ ቤት እስኪፈቀድ መጠበቅ ነበረበት። "በሚቀጥለው ሳምንት ና" ይሉታል፤ ይሄዳል፤ "በሚቀጥለው ሳምንት" ይሉታል። ጡረታውንም ጠይቆ ነበር፤ አገልግሎትህ ገና ነው አሉት። እናቴ፣ "እስከዚያ ድረስ ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጥ ሌላ ነገር የለም?" ስትለው፣ "ሥራ ፈልግ ይሉታል" ብሎ መለሰላት።

መጀመሪያ ወተቱ ቀረ። ቀጥሎ የእናቴ የጆሮ ወርቅ ከጆሮዋ ጠፋ፤ ስጠይቃት "አሳከከኝና አወለቅሁት" አለችኝ፤ አመንኳት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ከአቧራ የጸዳ አራት ማዕዘን ሆኖ ጠበቀኝ። ከሁሉ የባሰው ግን የአከራያችን ማንኳኳት ነው። ቁልፋቸውን በብረቱ በር ላይ ሦስት ጊዜ ያንቋቋሉ። እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ሦስታችንም ባለንበት ደርቀን እንቀራለን። አባቴ፣ ያ ትልቅ ማሽን የሚነዳው ሰው፣ ትንፋሹን ውጦ ግድግዳ ተጠግቶ ሲቆም አየዋለሁ። እናቴና አባቴ የሚፈሩት እሱን ሊወስዱ የመጡ ሰዎችን መሰለኝ። የአከራያችን እርምጃ እስኪርቅ ድረስ አንንቀሳቀስም።

ከገና ዕረፍት በፊት እናቴ ወሰነች።

"መርሳ እንግባ" አለችው። "አጎቴ ዘንድ አንድ ክፍል ባዶ አለ።"

"የሚስቴ አጎት ቤት ገብቼ ልቀመጥ?"

"ተቀመጥ አላልኩህም። ሽንኩርቱ እየደረሰ ነው፤ ትሠራለህ። እኔም እሠራለሁ።"

አባቴ በማግስቱ አልጋውን ፈታታው።

*

መርሳ ይሞቃል። ከወልድያ ስንወርድ ሹራቤን አውልቄ ነበር የደረስኩት። የእናቴ አጎት አያ ሙሄ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ቀጭን፣ ቁመታቸው የማንጎ ቅርንጫፍ የሚነካ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከወንዙ ዳር የመስኖ መሬት አላቸው፤ ሽንኩርትና ጥቂት ፓፓያ። እናቴ እጃቸውን ስማ፣ "እንዴት ከረሙ አያ" አለቻቸው።

"አልሐምዱሊላህ። ግቡ" አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

የተሰጠን ክፍል ከዋናው ቤት ጀርባ ነው። ጭቃ ግድግዳው ላይ አንዲት የእንጨት መደርደሪያ አለች፤ መደርደሪያዋ ላይ አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ። ማሰሪያው በጥንቃቄ ታስሮ አቧራ ለብሷል። እጄን ስዘረጋ እናቴ ያዘችኝ።

"እሱን እንዳትነኪ።"

"የማን ነው?"

"የከማል። የአያ ልጅ።"

"ከማል የት ነው?"

"የለም" አለች።

የለም ማለት ገበያ ሄዷል ማለት ይሁን፣ ሞቷል ማለት ይሁን አልገባኝም። ድጋሚ መጠየቅም ፈራሁ። ሌሊት ስነቃ በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ጫማዎቹ አፍንጫ ላይ ያርፋል፤ አንድ ሰው መደርደሪያው ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። እናቴ ከቀን ሠራተኞቹ ሴቶች ጋር ክምሩ ሥር ተቀመጠች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎኗ እቀመጥና ትንንሾቹን ከትልልቆቹ እለያለሁ፤ የተበላሸውን አወጣለሁ። የበሰበሰ ሽንኩርት ከላይ ደህና ይመስላል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ነው የሚሰምጠው። ሽታው እጄን ታጥቤም አይለቅም፤ ደብተሬም፣ ጸጉሬም፣ የምበላው እንጀራም እሱን እሱን ይሸት ነበር። ሁሉም ሰው ዓይኑ ስለሚያለቅስ እናቴ መቼ የእውነት እንደምታለቅስ ማወቅ አልቻልኩም። ያ በጣም ያስፈራኝ ነበር።

አባቴ ይኮተኩታል፤ ጆንያ ተሸክሞ እስከ መኪናው ያደርሳል። እጁ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። ተሸካሚዎቹ የነበረበትን ሥራ ሰምተው "ኦፕሬተሩ" የሚል ስም አወጡለት። ጆንያው ከብዶት ሲንገዳገድ፣ "ኦፕሬተሩ ማርሽ አልገባለትም" ይላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ከዚያ ቤት ሲገባ እጁን ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል።

አጥር ለአጥር የምንጎራበት ራውዳ የምትባል ልጅ ነበረች፤ በክፍልም አንድ ነን። አንድ ቀን ስንመለስ፣ "ያ ጫማ እናንተ ክፍል ነው አይደል?" አለችኝ።

"የትኛው ጫማ?"

"የከማል ነዋ። ባህር የበላው።"

"ባህር ሰው ይበላል?"

"ይበላል እንጂ። በጅቡቲ በኩል አድርገው ሳዑዲ ሲሻገሩ ይበላቸዋል። መጀመሪያ ስልክ ተደውሎ ነበር፤ ከማል እያለቀሰ ብር ላኩ ብሎ። አያ ሙሄ ላሟን ሸጠው ላኩ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ።" ቀጥላ እንደ ቀላል ነገር፣ "ሥራ ያጣ ሰው ነው የሚሄደው። አባትሽ ሥራ የለውም አይደል?" አለችኝ።

"አለው" አልኳት። "ሽንኩርት ይጭናል።"

"እሱማ ከማልም ይጭን ነበር።"

ባህር አይቼ አላውቅም። በኅብረተሰብ መጽሐፌ ላይ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰማያዊው ሥር አፍ አበጀሁለት። መጽሐፉን ስገልጥ ያቺን ገጽ በጣቴ ሳልነካ እዘላት ነበር።

*

የካቲት ላይ እናቴ በቆሎ አስፈጭቼ እንድመጣ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ወረፋው ረጅም ነው። ፀሐዩን ሽሽት ከግድግዳው ጀርባ ልቀመጥ ስዞር የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ቢጫ ኮፍያ ካደረገ ከማላውቀው ሰው ጋር ቆሟል። ወፍጮው ስለሚጮህ ወሬያቸው ተቆራርጦ ነው የሚደርሰኝ።

"…ማዶ ነው" ይላል ሰውየው። "…ከገባህ ደመወዙ ጥሩ ነው…"

ወፍጮው ጮኸ።

"…ሐሙስ በጠዋት። መታወቂያህን እንዳትረሳ። ለሰው አታውራ፤ ሰው ከሰማ ቦታው ይሞላል።"

"ለዘይነባም ገና አልነገርኳትም" አለ አባቴ።

ዱቄቱን ተሸክሜ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ማዶ። ሐሙስ። ለእናቴ አልተነገራትም። ራውዳ ሌላ ጊዜ ስለ ከማል ስትነግረኝ እንዲሁ ነበር ያለችው፤ ደላላ ይመጣል፣ በምስጢር ይነጋገራሉ፣ በጠዋት ይሄዳሉ። ለእናቴ ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን መሰለኝና ዘጋሁት።

ማክሰኞ አባቴ ጸጉሩን ተቆረጠ። ረቡዕ ኮቱን አጥቦ አጥር ላይ ሰቀለው። ሲደርቅ አምጥቶ ምስማሩ ላይ አንጠለጠለውና እኔን አስጠግቶ ራሴን ዳበሰኝ።

"ሀዩ፣ እናትሽን ታግዣለሽ አይደል?"

"አግዛለሁ።"

"ጎበዝ።"

በዚያ ሰዓት የሚሰናበተኝ መሰለኝ።

ለመግሪብ ሶላት አባቴ ከአያ ሙሄ ጋር መስጊድ ሄደ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ኮቱ ውስጥ ባለችው ኪስ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ መታወቂያውና የኦፕሬተርነት መንጃ ፈቃዱ እንዳሉ አውቃለሁ። አወጣኋቸው። ከዚያ የት ላድርጋቸው? ፍራሹ ሥር እናቴ ታገኘዋለች። ሽንኩርቱ ውስጥ ይጫናል። ክፍሉን ዞሬ ሳይ ማንም የማይነካው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ባሊ ገልብጬ ወጣሁበት። እጄን ወደ ጫማው ሳስገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሆነ ነገር ጣቶቼን የሚይዛቸው መስሎኝ ነበር። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ከታች የሰው ጣት የሠራው ጎድጓዳ ይሰማል። ላስቲኩን እስከ ጫፉ ገፋሁት። ስወርድ ባሊው ተንሸራቶ ወደቀና ጉልበቴ ተላጠ፤ ድምፅ ግን አላሰማሁም።

*

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ኮቱን ለብሶ ኪሱን ዳበሰ። ደጋግሞ ዳበሰ። ኮቱን አውልቆ አራገፈ፤ ሻንጣውን ገለበጠ፤ ፍራሹን አነሳ።

"ምንድን ነው የምትፈልገው?" አለች እናቴ።

"መታወቂያዬን። መንጃ ፈቃዴን።"

"ለምን?"

ቆመና ተነፈሰ። "ልነግርሽ አልፈለግሁም፤ ካልተሳካ እንዳታዝኚ ብዬ። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ታደሰ መጥቶ ነበር። ድርጅቱ ክፍያችንን ዛሬ ወልድያ ይሰጣል። ደግሞ ከግራና ከተማ ማዶ የመስኖ ቦይ ሊቆፈር ነው፤ ኦፕሬተር የሚመዘግቡትም እዚያው ወልድያ ነው፤ ዛሬ ብቻ።"

ቢጫው ኮፍያ ታደሰ ነበር። ማዶው ከግራና ማዶ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገቡኝ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ሀዩ፣ አላየሽም?"

ጫማው ከራሱ በላይ ነበር፤ እጁን ቢያነሳ ይደርስበታል።

"አላየሁም" አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ለራሴ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ምናልባት ውሸቱን ይሆናል ብዬ ይሆናል። ምናልባት ያን ያህል ሲዋከብ አይቼው ስለማላውቅ፣ የሚዋከበው በእኔ ምክንያት መሆኑን እንዳያውቅ ፈርቼ። ሚኒባስ ሊያመልጠው ሆነና ያለ ምንም ወረቀት ወጣ።

ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ እውነትም አመመኝ። እናቴ እዚያው ክፍሉ ውስጥ የተገለበጠውን እያነሳች ትፈልጋለች፤ አንድ ጊዜ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈና አለፈ።

አባቴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሰ። ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

"ያለ መታወቂያ ብር አንሰጥም፤ ከጠፋብህ አዲስ አውጥተህ ና አሉኝ። የማሽኑን ቦታ ግን ለሌላ ሰው ሰጡት።"

"ታደሰ አልመሰከረልህም?"

"መሰከረ። መንጃ ፈቃዱን አሳየን አሉ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ያቀረበችውን ሽሮ ሁለቴ ጎርሶ ተነሳ።

*

አርብ ጠዋት ወደ እርሻው ሄድኩ። አያ ሙሄ ጀላቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ውሃ ከቦይ ወደ ትልም ይመራሉ። አጠገባቸው ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

"ምን ይዞሻል?" አሉኝ ሳያዩኝ።

"አያ፣ አንድ ነገር ብነግርዎ ለአባዬ ይነግሩታል?"

"እንደ ነገሩ ነው።"

ነገርኳቸው። ወፍጮ ቤቱን፣ ማዶውን፣ ሐሙስን፣ ራውዳ ያለችኝን። እየሰሙ መቆፈራቸውን አላቆሙም።

"የት ነው የደበቅሽው?"

"የከማል ጫማ ውስጥ።"

መቆፈሪያቸው እንደተነሳ ቀረ። ውሃው ትልሙን ሞልቶ፣ ጠርዙን ሸርሽሮ፣ ወደ መንገዱ መፍሰስ ጀመረ፤ አልዘጉትም። ጥለውት ወደ ቤት ተራመዱ። እኔ ከኋላቸው እሮጣለሁ። ከመጣን ጊዜ ጀምሮ ያን ክፍል ረግጠውት አያውቁም ነበር። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ገቡ። አባቴና እናቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። አያ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ቀኙን ጫማ አወረዱ፤ ላስቲኩን ከውስጡ አውጥተው ለአባቴ ሰጡት። ጫማውን ግን አልመለሱትም፤ እንደያዙት ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

አባቴ ላስቲኩን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

"ለምን?" አለኝ።

"ባህሩ እንዳይበላህ።"

አባቴ ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ተለዋወጠ። እናቴም አየችው። እኔ እንኳ ያኔ፣ በአስር ዓመቴ፣ የደበቀው ነገር እንደተያዘበት ገብቶኛል።

"ሰይድ" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

"ታደሰ የመጣው ለመስኖው ሥራ ነው፤ ወላሂ" አለ። "ከእሱ በፊት ግን ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። ደላላ።"

"መቼ?"

"ከሁለት ሳምንት በፊት።"

"ምን አልከው?"

"እምቢ አላልኩትም። ላስብበት አልኩት።"

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ መሬት ወረደች። እጇ ላይ ቢላ ይዛ ነበር፤ ለሥራ ልትወጣ ነበርና። አጠገቧ መሬቱ ላይ አስቀመጠችው። "ቴሌቪዥኑን ስሸጥ አልከፋኝም" አለች። "ወርቄን ስሸጥም አልከፋኝም። አብረን ነን ብዬ ነው። አንተ ለካ ብቻህን ስታስብ ኖረሃል።"



"ከማል ሲሄድ አውቅ ነበር" አሉ አያ ሙሄ። ጫማውን ነበር የሚያዩት። "ሰው ሁሉ ተደብቆ የሄደ ይመስለዋል። ተደብቆ አይደለም። ለደላላው የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ በሬ ሸጬ። ልጁ ሲሠራ ውሎ ሲያድር አንድም ነገር አላማረለትም፤ ይሞክር አልኩ። ይሄን ጫማ አድርጎ ሊሄድ ነበር። በረሃ ላይ የቆዳ ጫማ እግር ያቃጥላል ብለውት ላስቲክ ጫማ ገዛ። ስመለስ አደርገዋለሁ ብሎኝ እዚህ ሰቀለው።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እሷም ይህን አታውቅም ነበር።

"ኪራይ አልጠየቅሁህም፤ አልጠይቅህምም" አሉት አባቴን። "ሽንኩርቱ እጅህን ይላጠው። ረሃብም ከሆነ እዚሁ አብረን እንራባለን። እሱን ሰው ግን ሁለተኛ እንዳታናግረው።"

"እሺ አያ። አላናግረውም።"

ግራውንም አውርደው ጥንዱን ይዘው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ጫማው መደርደሪያው ላይ አልተመለሰም።

አባቴ እኔ ፊት ቁጢጥ አለ። "ትናንት ስጠይቅሽ ዋሸሽኝ።"

"አዎ።"

"ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ። እኔም አልዋሽሽም።"

ከዚያ በላይ አልተቀጣሁም። ቦታው ግን ተመልሶ አልመጣም። ከግራና ማዶ ያለው ቦይ ሲቆፈር የማሽኑ ድምፅ በነፋሱ አቅጣጫ አንዳንድ ቀን እስከ እኛ ይደርስ ነበር፤ አባቴ ሲሰማው መኮትኮቱን ያቆምና ያዳምጣል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መሬት ተከፍቶ እንዲውጠኝ እመኝ ነበር።

*

የስንብቱ ክፍያ የደረሰው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው፤ ከተባለው አነሰ። እናቴ መጀመሪያ ወልድያ ሄዳ ለአከራያችን የቀረውን ኪራይ በእጃቸው ሰጠቻቸው። ስትመለስ "ይኸው፣ አሁን መናኸሪያው ጋ ቀና ብዬ አልፋለሁ" አለች። በተረፈው ፓፓያና ማንጎ ከገበሬ እየገዛች አስፋልቱ ዳር አውቶቡሶች ሲቆሙ ለተሳፋሪ መሸጥ ጀመረች። ሳፋውን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ስትሮጥ፣ አውቶቡሱ ሳያይ የሚነሳባት እየመሰለኝ ዓይኔን እጨፍን ነበር።

አባቴን ያወጣው ደግሞ ያልጠበቀው ነገር ነው። አያ ሙሄ ከማንጎው ሥር የጣሉት የተበላሸ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበር። አንድ ጁምዓ፣ ሥራ ባልተገኘበት ቀን፣ ፈታትቶ በናፍጣ አጠበው። ማታ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ሠራ። በሳምንቱ ጎረቤት የእሱን ይዞ መጣ። ቀጥሎ ከውርጌሳ አንድ ገበሬ ላከበት። አንዳንዱ ብር ይከፍላል፤ አንዳንዱ አንድ ጆንያ ሽንኩርት፤ አንዳንዱ ምርቃት ብቻ። እንደ ድሮው ደመወዝ ቀኑ ታውቆ የሚመጣ አልነበረም። ወር ሙሉ ምንም ያልመጣበት ጊዜም ነበር፤ ያኔ ቁርሳችን የተቀቀለ እንጭጭ ፓፓያ ነበር።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የአባቴን ፍራሽ ነበር። ትከሻው ካለ እንደገና እተኛለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ፤ ፍራሹ ባዶ ነው። ኮቱም ምስማሩ ላይ የለም። እናቴ ተኝታለች። አልቀሰቀስኳትም፤ ወጥቼ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። አንድ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ "ደሴ፣ ደሴ" ይላል። በመስኮቶቹ በኩል ፊቶቹን አንድ በአንድ አየሁ።

"ማንን ነው የምትፈልጊ?" አለኝ ረዳቱ።

"አባቴን። ሰይድን።"

"የትኛው ሰይድ?"

"ኦፕሬተሩን።"

"ኦፕሬተሩማ አሁን ወደ ወንዙ ሲወርድ አይቼዋለሁ። የእነ ራውዳ ሞተር ቆሞባቸው።"

አላመንኩትም። ወደ ወንዙ ስሮጥ እንኳ ደላላው ረዳቱን እንዲህ በል ብሎት ነው ብዬ ነበር። ቁልቁለቱን ስጨርስ አባቴ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ፣ የራውዳ አባት ባትሪ ይዞለት፣ ሞተሩን ይፈታል። ሲያየኝ ደነገጠ።

"ምን ሆንሽ? እናትሽ ምን ሆነች?"

"የለህም ነበር" አልኩት። ከዚያ አለቀስኩ።

እጁን በሣር ጠረገ። የራውዳ አባት ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። አባቴ የእጁ ቅባት ቀሚሴን እንዳይነካው በክርኑ ወደ እሱ አስጠጋኝ፤ ሲቃዬ እስኪያልፍ አለቀቀኝም።

"ከእንግዲህ" አለኝ በኋላ፣ "ቀስቅሼሽ ነው የምሄድ።"

በማግስቱ ገና ጨለማ ሳለ ትከሻዬን ነካኝ። "ሀዩ፣ ዛሬ ግራና ነኝ። አስር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።"

"እሺ" አልኩት።

በየቀኑ እንዲሁ አደረገ። የሚርቅ ቢሆንም የሚቀርብ ቢሆንም፣ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ቢሄድም። አንዳንድ ቀን እንቅልፌን ስለሚቆርጠው እነጫነጭበታለሁ፤ ተወው ግን ብዬው አላውቅም። የእግሩ ድምፅ ከአጥሩ ውጭ እስኪጠፋ አዳምጥና ከዚያ ዓይኔ ፈጦ ይነጋል። ቀኑን ሙሉ፣ ክፍል ውስጥም ሽንኩርቱ ክምር ሥርም፣ የምጠብቀው አስር ሰዓትን ነበር። አስር ሰዓት ይደርሳል፤ እሱም ይመጣ ነበር።